«እውቀት ታቅፈው የተቀመጡ» እነማን ናቸው?

የላብ (የላቦራቶሪ) ሰው፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አለቃችን ምን አሉ መሰላችሁ? «የዩኒቨርሲቲያችን አፈጻጸም የወረደው እውቀት ታቅፈው በተቀመጡ ሠራተኞች ነው።» ታቅፈው! እንቁላል ነው እንዴ?

የቀድሞ ዲን፦ ቃሉ ቢጎረብጥም ነገሩ እውነት ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ፋይሉ የት እንዳለ እንኳ የሚነግረው የለም።

የላብ ሰው፦ እርስዎ ሲለቁ ርክክብ አድርገው ነበር?

የቀድሞ ዲን፦ ወደ ግል ጉዳይ አንግባ።

ሬጅስትራር፦ ሃሃ፣ ተገኙ!

የላብ ሰው፦ እኔ የላቦራቶሪውን ማሽን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ለሁለት ጀማሪዎች ቁጭ ብዬ አሳየሁ። ግምገማ ላይ ግማሽ ነጥብ አላስገኘልኝም። ነጥብ ያለው የታተመ ጽሑፍ ነው። ታዲያ ጽሑፌን ትቼ ለምን ላስተምር?

ሬጅስትራር፦ እናንተስ ጽሑፍ አላችሁ። እኛን ማን ይቆጥረናል? «ሠራተኛ» ሲባል መምህር ብቻ ነው የሚታያችሁ። ሲስተም ሲቆም ግን ስልክ የሚጮኸው እኛ ጋ ነው።

የማኔጅመንት መምህር፦ ነገሩ ተጠንቷል እኮ። ተመራማሪዋ ኮኔሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 እውቀት መደበቅን በ3 ከፍለውታል፦ አላውቅም ማለት፣ «በኋላ እነግርሃለሁ» እያሉ ማንከባለል፣ «ሚስጥር ነው» ብሎ መዝጋት። አለመተማመን ባለበት ይብሳል። መተማመንን ደግሞ የሚገነባውም የሚያፈርሰውም በአብዛኛው መሪው ነው።

የላብ ሰው፦ ሦስተኛዋን ያዙልኝ! የበጀት ድልድሉን ስንጠይቅ «ሚስጥር ነው» የሚለን ማነው? ታቃፊው ታወቀ።

የቀድሞ ዲን፦ አንዳንዱ ነገር በእርግጥ ሚስጥር ነው።

ሬጅስትራር፦ እንቁላሉ ተፈለፈለ 😂

የማኔጅመንት መምህር፦ ቀልዱን ተዉትና፣ የሚያውቀውን በሰነድ ማስፈር የሁሉም ግዴታ ነው።

የላብ ሰው፦ ፈላስፋው ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 «ከምንናገረው በላይ እናውቃለን» ያለውን አንተው ነህ የምታስተምረው። ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ድምፁ ይለወጣል። እሱን በየትኛው ፎርም ልሙላው? ጀማሪው አጠገቤ ቆሞ መስማት ነው ያለበት። ለዚያ ሰዓት የሚመድብ አለቃ አምጣልኝ።

ሬጅስትራር፦ ድምፁስ ይቅር። ማብሪያና ማጥፊያውን ጽፈሃል?

የላብ ሰው፦ ...አልጻፍኩም።

ሬጅስትራር፦ ታቅፈሃላ!

የላብ ሰው፦ ስብሰባ በዝቶብኝ ነው። ዛሬም 8 ሰዓት ላይ አለ። አጀንዳው? እውቀት መጋራት።