ለኤልክ አደን የትኛው ጥይት ይሻላል? (ኮሎራዶ፣ እስከ 400 ያርድ)

የአውሮራው፦
ሰላም ወገኖች። ለመጪው ጥቅምት የወንድ ኤልክ (ከአጋዘን የሚበልጥ የአሜሪካ የዱር እንስሳ) ፈቃድ ልገዛ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ 300 ዊንቸስተር ማግነም (ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ) ከነመነፅሩ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ «ትከሻህን ያወልቀዋል፤ ርግጫው ቀለል ያለው 6.5 ክሪድሞር ይበቃሃል» ይለኛል። ቦታው ገላጣ ሸንተረር ስለሆነ 350 ወይም 400 ያርድ ላይ መተኮስ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ጭንቀቴ ወረቀት ነው። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ የዜግነት ማመልከቻም በቅርቡ አስገባለሁ። ጠመንጃ በስሜ መኖሩ ችግር ያመጣብኛል? ባለቤቴ ይህ ሳይጣራ አይሆንም ብላለች።

ምንሽር፦
ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ስለ ቀለህ ይከራከራል እንጂ እንስሳውን የሚጥለው አረሩ ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ ከ0.24 ኢንች ያላነሰ ካሊበር (የአረር ውፍረት)፣ ቢያንስ 85 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) የሚመዝንና ሲመታ የሚከፈት አረር፣ 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት። አዳኞች በልማድ የሚይዙት ልክ ግን ከፍ ይላል፤ አረሩ እንስሳው ዘንድ ሲደርስ 1,500 ፉት ፓውንድ ይቅረው ይላሉ።

በዚህ ልክ ስንለካ፣ 6.5 ክሪድሞር በ143 ግሬን አረር በሰከንድ 2,700 ጫማ ይወጣል፤ 300 ያርድ ላይ 1,650 ገደማ ይቀረዋል፣ 400 ላይ ከ1,500 በታች ይወርዳል። 30-06 የሚባለው ጥይት በ178 ግሬን 1,500ን እስከ 500 ያርድ ገደማ ይዞ ይሄዳል። 300 ዊን ማግ በ200 ግሬን 400 ላይ 2,200 ያህል፣ 500 ላይ 2,000 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉልበት አለው። 7 ፒአርሲ የሚባለው ጥይትም ከእሱ አይርቅም። ቁጥሮቹ የተሰሉት በባሕር ጠለል አየር ነው፤ 9,000 ጫማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሁሉም ትንሽ ይሻሻላሉ።

ስለዚህ 400 ያርድ እውነት ከሆነ 300ውን ግዛው። ያገለገለ ስለሆነ ግን በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን በዓይንህ አንብብ። 300 ዊን ማግ፣ 300 ደብሊው ኤስ ኤም፣ 300 ዌዘርቢ እና 300 ፒአርሲ አራት የተለያዩ ጥይቶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው በርሜል አይተኮስም። ማግነም የበርሜሉን ጉሮሮ ቶሎ ይበላል፤ ስንት ጥይት እንደተተኮሰበት ጠይቅና ጠመንጃ ጠጋኝ ውስጡን በካሜራ ይይልህ። የአፈሙዙን ጫፍም እይ፤ እዚያ ላይ ያለ ጭረት አረሩን ያስታል።

የሲያትሉ፦
ጋሽ ምንሽር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጀማሪን በጉልበት ሰንጠረዥ ማሳመን አይገባም። 400 ያርድ ላይ የሚያስተው ነፋስ ነው። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ 6.5ቱን 9 ኢንች ያህል ይገፋዋል፤ 300ውንም እንዲሁ 9 ኢንች! ማግነሙ እዚህ ላይ የጨመረው ነገር የለም። የኤልክ የልብና የሳንባ ቦታ ስፋቱ 15 ኢንች ገደማ ነው። መሀሉን አነጣጥረህ ነፋሱን በ10 ማይል ከተሳሳትክ አረሩ ወይ ሆድ ይገባል ወይ ፊት ለፊቱን ያልፋል። ሆዱን የተመታ ኤልክ ደግሞ ጫካ ገብቶ ማታ ይሞታል፣ ሥጋውም ይበላሻል።

ርግጫውንም እንነጋገር። 8 ፓውንድ ተኩል ገደማ በሚመዝን ጠመንጃ 6.5 የሚመልሰው 12 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው፤ 30-06 ወደ 20፣ 300 ዊን ማግ ደግሞ 27 ይጠጋል። ርግጫ የፈራ ሰው ቃታውን ሲስብ ሳያውቀው አፈሙዙን ወደ ታች ይገፋል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ሌላ ሰው አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ የማይተኩስ ባዶ የልምምድ ጥይት ሳያሳይህ ያጉርስልህ። በባዶው ላይ አፈሙዙ ከተንቀጠቀጠ ፈርተሃል ማለት ነው፤ ያ ጠመንጃ አይሆንህም። የአፈሙዝ ብሬክ (በርሜሉ ጫፍ ላይ የሚገጠም) ርግጫውን በጣም ይቀንሳል፤ ግን ጩኸቱ ጎንህ የቆመውን ሰው ጆሮ ይጎዳል፣ አደን ላይም ያለ ጆሮ መከላከያ አይተኮስበትም።

ምክሬ፦ 30-06 ወይም 6.5 ያዝና ልክህን 300 ያርድ አድርግ። ባለ 9 ኢንች የወረቀት ሳህን ስቀል። ተቀምጠህም ሆነ በዱላ ተደግፈህ አምስቱንም ጥይት ሳህኑ ላይ ያሳረፍክበት ርቀት ነው የአንተ ርቀት። አግዳሚ ላይ ተደግፎ መተኮስ አይቆጠርም።

እህት ከአርሊንግተን፦
ወንዶቹ ስለ ነፋስ ስትጨቃጨቁ ሚስቱ የጠየቀችው ተረሳ። ወንድሜ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ በሕጋዊ መንገድ መያዝህ ብቻውን የዜግነት ማመልከቻህን አያበላሽም። የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሱቅ ስትገዛ የምትሞላው 4473 የሚባል ቅጽ ስለ ዜግነትህ ይጠይቃል። ቸኩለህ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለውን ምልክት ካደረግህ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ነው፤ እሱ ከአገር እስከ ማስወጣት ይደርሳል። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ጻፍና የግሪን ካርድህን ኤ-ቁጥር አስገባ። መታወቂያህ ላይ ያለው አድራሻም አሁን የምትኖርበት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከባልደረባህ እጅ በእጅ ከፍለህ መውሰድ አይቻልም። ሁለታችሁም ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ ሄዳችሁ ምርመራው ይደረጋል፤ ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ 3 ቀን መጠበቅ አለ።

ሦስተኛ፣ በነዋሪ ዋጋ የአደን ፈቃድ ለማውጣት ኮሎራዶ 6 ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል። የውጪው ዋጋ ከነዋሪው 10 እጥፍ በላይ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል። ከ1949 ጃንዋሪ 1 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝ ትምህርት ካርድ ይጠየቃል። አደን ላይ የሚጻፍብህ ክስ ትንሽም ቢሆን የዜግነት ቅጹ ላይ ይገለጻል፤ ስለዚህ አዳኝ እንዲለብስ የሚታዘዘውን ብርቱካናማ ልብስም፣ መኪና ውስጥ ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ መያዝንም አትናቅ።

በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያላችሁ ግን ይህ እናንተን አይመለከትም። ለእናንተ በመሠረቱ ክልክል ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ ላለው ሰው ልዩ ሁኔታ አለ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትጠብቁ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ጠመንጃ አትንኩ።

የመንዝ ልጅ፦
አንድ ፓኮ 20 ጥይት ከ50 ዶላር በላይ! የዒላማ መለማመጃውን ስትጨምሩበት ለአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ይሆናል። እናት አገር ቤት «ለዓመት በዓል በግ» እያለች ሰው እዚህ ዶላር ወደ ሸንተረር ይተኩሳል። ለመሆኑ ደጋው፣ ብርዱ፣ የጠዋቱ ጉም ናፍቋችሁ ከሆነ ያለ ጠመንጃም ይወጣል።

የአውሮራው፦
ወንድሜ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ 200 ፓውንድ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይሰጣል። በሥጋ ቤት ዋጋ ብታሰላው ጥይቱ ምንም ነው። እንዲያውም ወጪውን ለስድስት ሰው አካፍለን እንደ ቅርጫ ብንመድበውስ?

እህት ከአርሊንግተን፦
እንዳታደርገው! የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ሥጋ ለመመደብ ገንዘብ ከተሰበሰበ ስሙ ቅርጫ ቢሆንም ሽያጭ ነው። በስጦታ መስጠት ትችላለህ፤ የሰጪው ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ወረቀት ከሥጋው ጋር ይሂድ።

የመንዝ ልጅ፦
ጎረቤት ሥጋ ቢካፈል የሚከሰስበት አገር! ደግሞስ ሳይታረድ በጥይት የሞተ ይበላል? በክት አይደለም?

ምንሽር፦
ይህን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ኤልክ የሚያመሰኳ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ደሙ ይፍሰስ ለሚለው ቢላዋ ይዞ ፈጥኖ መድረስ ይቻላል። ሙስሊም ወንድሞች ሲተኩሱ ቢስሚላህ ይላሉ፤ ነፍስ እያለው ከደረሱበት ያርዱታል።

ለሲያትሉ፦ ነፋሱ ላይ ልክ ነህ። ግን አጥንት ስትመታ ልዩነቱ ይታያል። ኤልክ 700 ፓውንድ ይመዝናል፣ ትከሻው እንደ አጋዘን አይደለም። 143 ግሬኑ ትከሻ ላይ ከተሰባበረ ሳንባ አይደርስም።

የሲያትሉ፦
ያ የቀለሁ ሳይሆን የአረሩ ጥፋት ነው፤ አንተው ራስህ መጀመሪያ የተናገርከው! ቅርብ ርቀት ላይ በፍጥነት የሚመታ ለስላሳ አረር በ300ውም ይበታተናል፤ እንዲያውም ይብሳል። ሙሉ መዳብ ወይም እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተበየደ አረር ይያዝ። መዳብ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። በሰከንድ 2,000 ጫማ ሳይወርድ መድረስ አለበት፤ እርሳሱ በ1,800 ይከፈታል። በ6.5 ክሪድሞር መዳብ ከ400 ያርድ በኋላ ልኩ ላይ ስለሚሆን ለእሱ 300 ያርድ በቂ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ የምታድኑ ደግሞ ምርጫ የላችሁም፤ ከ2019 ጁላይ 1 ጀምሮ ለማንኛውም አደን እርሳስ ክልክል ነው።

ምንሽር፦
እና 400 ያርድ ለሚጠይቅ ሰው በ300 መልስ ትሰጣለህ?

የሲያትሉ፦
አዎ፣ ተጠጋ እላለሁ። መነፅሩ 200 ያርድ ላይ ልክ እንዲመታ በተስተካከለ 300 ዊን ማግ እንኳ አረሩ 400 ያርድ ላይ 20 ኢንች ገደማ ይወርዳል። ርቀቱን በግምት 350 ብሎ ከተኮሰ 7 ወይም 8 ኢንች ዝቅ አለ ማለት ነው። ለጥይቱ ከሚከራከር የርቀት መለኪያ ይግዛ፤ የመነፅሩን ብሎኖችም በልኩ ያጥብቅ። ተራራው ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አንድ ጥይት በቀዝቃዛ በርሜል ይሞክር፤ በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ መነፅር አይታመንም።

አወያይ፦
ቅርጫው ይብቃ፤ በሌላ ርዕስ አንሱት። የጠመንጃ ፎቶም እዚህ አይለጠፍ።

እህት ከአርሊንግተን፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስለ ክትፎ ማንም አላነሳም። እርሳስ አረር ሲሰባበር ዓይን የማያየው ቅንጣት ከቁስሉ ርቆ ይበተናል። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ልጆችና እርጉዝ ሴት ያሉበት ቤት መዳቡ ይሻላል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ አጋዘንና ኤልክን የሚገድል ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፤ ቢሆንም የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይመከራል፣ ማብሰልም አያጠፋውም። ናሙናው የሚወሰደው ከጭንቅላቱ ነው፤ ጭንቅላቱን ተራራ ላይ ጥላችሁ ከመጣችሁ ምርመራው ቀረ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ቁርጥ የለም፣ ለብ ለብም የለም።

የመንዝ ልጅ፦
እንግዲያው ይህ ሁሉ ጣጣ ለጥብስ ነው?