የሪስክ ባለሙያዎች የሥራ ዕድገት፦ የባሕር ዳር አባላት የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

አርቃቂ
ውድ አባላት፣ ለባንኮች የሰው ኃይል ክፍሎች የምናቀርበውን ሐሳብ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ባሕር ዳር ላይ በግለሰብ ብድር ሪስክ (ብድሩ ሳይመለስ የመቅረት ስጋት) የሚሠራ ሰው ለማደግ ወይ አዲስ አበባ መሄድ፣ ወይ ሙያውን ትቶ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መሆን አለበት። ጉዳቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የ3 ዓመት የደመወዝ ብድር መስፈርት ያወጣ ሰው በዓመት ተኩል ከተነሣ፣ ገንዘቡ መመለስ አለመመለሱን ሳያይ ይሄዳል። ተተኪው ቁጥሩን ይረከባል፤ ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚነግረው የለም። እኔ ያዘጋጀሁት ተበዳሪ የሚመዘንበት የነጥብ ሠንጠረዥ ከሄድኩ በኋላ ማንም ሳይነካው 2 ዓመት ሲሠራበት አይቻለሁ፤ እስካሁን ያሳስበኛል።

ስለዚህ ከመካከለኛ እርከን በላይ የዕድገት መሰላሉ ለሁለት ይከፈል፤ የአመራርና የሙያ። የሙያው ጫፍ ደመወዙ ከዲስትሪክት ኃላፊ አይነስ።

ከብድር አስመላሽ ክፍል
በመሰላሉ እስማማለሁ ወንድሜ። ግን ማንም ተንታኝ ወደ ሁለተኛው እርከን ከማለፉ በፊት 6 ወር እኛ ጋ ይሥራ። ሐይቁ ዳር ሆቴል የሚሠራ ልጅ እንግዳ ሲጠፋ ደመወዙ ምን እንደሚሆን ኤክሴል አይነግርህም። የፎገራ ሩዝ ሳይታጨድ መስከረም ላይ ክፍያ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ደንበኛውን ራሱ ነው ባለዕዳ የሚያደርገው። «ሩዙ ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚልህንና ስልክ ማንሣት ያቆመውን መለየት በመቀመጥ አይገኝም። ክፍያው 90 ቀን ያለፈውን ብድር ማንም ያውቀዋል። ሙያው 30ኛው ቀን ላይ ነው።

ከዲስትሪክት ሪስክ
6 ወሩን እደግፋለሁ፤ ከዚያ ተመልሰን ምን እንሠራለን የሚለው ግን ይጻፍ። በአይኤፍአርኤስ 9 (ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ) ብድሩ እንደተሰጠ የ12 ወር የሚጠበቅ ኪሳራ ይያዝለታል፤ ስጋቱ በጉልህ ሲጨምር የቀሪ ዘመኑ በሙሉ ይሰላል። ይህ ስሌት ዋና መሥሪያ ቤት ተሠርቶ ያልቃል፣ እኛ ውጤቱን ብቻ እናያለን። መረጃው ይከፈትልን፣ የክልላችንን ብድር እኛ እንፈትሸው። በ2014 ክረምት የስልክ ብድር አገልግሎቱ ቴሌብር መላ ሲጀመር መያዣ የሌለው ብድር ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ነጥብ አሰጣጡን የሚረዳ ሰው እዚህም ያስፈልጋል።

የኤፍአርኤም (ዓለም አቀፍ የሪስክ ባለሙያነት ምስክር ወረቀት) ፈተና ሁለት ክፍል ነው፣ ክፍያውም በዶላር ነው። ባንኩ ይሸፍን፤ እኛም 2 ዓመት የማገልገል ግዴታ እንግባ።

ሰብሳቢ
ጥሩ ነው ልጆቼ። ግዴታው 2 ዓመት ይሁን፤ 3 የሚሉ ነበሩ፣ ይበዛል። ታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ይህን መግቢያው ላይ አስቀምጡት፤ ልምድ ያለው ሰው እንደሚፈለግ አለቆቻችን ያውቃሉ።

ከዲስትሪክት ሪስክ
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ረቂቁ ለሙያ እርከን «ተከታታይ 3 ዓመት» ይላል። እኔ ሁለት ጊዜ ወልጃለሁ፤ በዚህ አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ከዜሮ ልጀምር ነው። የወሊድ ፈቃድ አገልግሎት አያቋርጥ።

አርቃቂ
እውነትሽን ነው እህቴ፣ ሳላስብ ጽፌው ነው። «ተከታታይ» ወጥቶ «በድምሩ» ገብቷል፣ የወሊድ ፈቃዱም ለብቻው አንቀጽ ሆኗል። ቅዳሜ ከመፈረማችን በፊት አንብቢልኝ።