ክርክር፦ የመሀል አዲስ አበባ መቀመጫ እንጨት ይሁን ወይስ ብረት?

የአራት ኪሎዋ፦
ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር እየሄድን ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ራስ መኮንን ድልድይን እንዳለፍን ማረፍ ፈለገች። ስድስት ሰዓት ሆኗል። አንድ የብረት አግዳሚ ላይ ገና ቁጭ ከማለቷ ብድግ አለች። አቃጠላት። ነጠላዋን አጣጥፋ ከሥሯ አደረገችና ተቀመጠች። በማለዳ ቢሆን ደግሞ ያው ብረት ይቀዘቅዛት ነበር።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል። ሰው አሁን ይራመዳል፣ ስለዚህ ማረፊያም ይፈልጋል። ሙያዬ አርክቴክቸር ነው። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን የሚነካው ሁሉ፣ መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ የደረጃው እጀታ፣ ጥሩ ጠንካራ እንጨት ይሁን። ምን ትላላችሁ?

ፎርማኑ፦
እኔ አልስማማም። ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ አዋጥተን የእንጨት አግዳሚ አሠርተን ነበር። ሁለተኛው ክረምት ላይ ቫርኒሹ ተላጠ። ሦስተኛው ላይ እግሩ በሰበሰ። አንዱ አንድ አባት እንደተቀመጡበት ወደቀ። እዚህ ከተማ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ ወራት ሙሉ ፀሐይ። ብረት ቢዝግ ተፍቆ ይቀባል፣ ቢሰበር ይበየዳል። እንጨቱን በየዓመቱ ማን ይንከባከበዋል?

አናጺ ከሰባራ ባቡር፦
ወንድሜ፣ እግሩ የቆመው ምን ላይ ነው? ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ነው?

ፎርማኑ፦
አዎ። ቆፍረው ሲሚንቶ ሞልተውበት።

አናጺ ከሰባራ ባቡር፦
እንግዲያው የተበላሸው የተሠራ ዕለት ነው። እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። እግሩን ሲሚንቶ ውስጥ ስትቀብረው ጫፉን ኩሬ ውስጥ አቆምከው ማለት ነው፤ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። እንዲህ የተሠራ አግዳሚ ገልብጬ አይቻለሁ። የላዩን ጣውላ በመዶሻ ስመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። የእግሩን ጫፍ ስጫነው ግን አውራ ጣቴ ሰጥሞ ገባ። እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ያው አንድ እንጨት ነው፣ ከአንድ ግንድ የወጣ።

እግሩ ብረት ይሁን። ጣውላው ከጣውላው የእርሳስ ውፍረት ያህል ይራራቅ፣ ውሃው እንዲወርድ። በምስማር አይመታ፤ በቡሎን ይታሰር። አንዱ ጣውላ ሲያረጅ እሱ ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል። ቫርኒሹም ይቅር። ውጭ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ከሥሩ ይቀራል። የተልባ ዘይት ይጠጣ፣ አለዚያም እንዲሁ ይሸብት። ሽበቱ አይጎዳውም።

ደን ወዳድ፦
ጋሼ፣ የእጅ ሥራውን ተቀብያለሁ። የኔ ጭንቀት እንጨቱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ለውጭ ሥራ የሚሆነንን እናውቀዋለን። የጥድን ልብ፣ ማለትም የግንዱን የመሀል እንጨት፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ወይራ ከዚያም ይጠነክራል። እነዚህን ግን ጨርሰናቸዋል። እንጦጦ ራሱ የጥድና የወይራ ተራራ ነበር። በምኒልክ ዘመን ተመነጠረና ከተማዋ በእንጨት እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ደርሳ ነበር። ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅም ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ስንት ትውልድ የቆመ ጥድ ለመቀመጫ ይቆረጥ የሚል ካለ እኔ ፊት ለፊት እቃወመዋለሁ።

ከውጭ ይምጣ የሚለውም አያሳምነኝም። ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ኢፔ የደቡብ አሜሪካ ጫካ ዛፍ ነው። እሱም እየተመናመነ ስለሆነ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። የራሳችንን ጨርሰን የሰው አገር ጫካ ላይ ልንዘምት ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
እኔም ጥድ ይቆረጥ አላልኩም። እንዲያውም ሀገር በቀል የሆነ ሁሉ ለውጭ ይሆናል የሚለው ስህተት ነው። ዝግባ ቤት ውስጥ ያምራል፣ ውጭ ዝናብ ላይ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። በሌላ በኩል ባሕር ዛፍን በጅምላ እንንቃለን። ቀዩ ባሕር ዛፍ በአገሩ በአውስትራሊያ የባቡር ሐዲድ ተሸክሞ ኖሯል። እኔ የምለው ሰው ከተከለው እንሥራ ነው። ከውጭ መግዛት ግድ ከሆነም ደኑ በአግባቡ መያዙን የሚያረጋግጥ የኤፍ.ኤስ.ሲ. ምልክት ያለው ብቻ ይገባ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ቢሰረቅስ?

ፎርማኑ፦
እሱ እንኳ በብረት ነው የሚብሰው። ቆራሌው የሚገዛው ብረት ነው።

አናጺ ከሰባራ ባቡር፦
ልጄ፣ ስለ ቀዩ ልክ ነሽ። ግን ገበያችን ውስጥ ያለው አጣና ነው። ገበሬው ብር ስለሚቸግረው በአምስት በስድስት ዓመቱ ይሸጠዋል። ያ ዛፍ ገና ልጅ ነው፤ ነጩ ዳር በዝቶ ልቡ ቀጭን ነው። ዝናብ የሚችለው ደግሞ ልቡ ነው። ደጋ ላይ የሞላው ነጩ ባሕር ዛፍ ሲሆን እሱ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፣ ውጭም አይበረክትም። እና ዛፉ እስኪበስል 20 እና 30 ዓመት ማን ይጠብቅለት?

የአራት ኪሎዋ፦
ከተማው ይጠብቅለታ። ለመንገድ፣ ለድልድይ የዓመታት ውል ይገባል። ለገበሬውም «ይህን ያህል ዛፍ ሳትቆርጥ አቆይልን» ብሎ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መክፈል ይቻላል።

የጉለሌው መምህር፦
አባቶቻችን እንጨት ያውቁ ነበር። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ድርድር ተሠርቶ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል። የጣይቱ ሆቴልም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል።

ፎርማኑ፦
መምህር፣ ይምርሐነ ዋሻ ውስጥ ነው። ዝናብ አያገኘውም። ጣይቱም በ2007 ዓ.ም እሳት ጎድቶታል፤ እሳቱን አትርሱት።

የአራት ኪሎዋ፦
ስለ ዋሻው ያልከው ለኔ ይረዳኛል። እንጨት ጣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ መቀመጫው ከጥላ ጋር ይሠራ። ስለ እሳት ደግሞ፣ ሕንፃ ሌላ ነው፤ መንገድ ዳር ብቻውን የቆመ አግዳሚ ሰፈር አያቃጥልም።

ፎርማኑ፦
ጥላ ካለ ብረቱስ መች ያቃጥላል?

የአራት ኪሎዋ፦
እሱን አሸንፈኸኛል። ማለዳ ታክሲ የሚጠብቁ እናቶችን ብርድ ግን ጥላው አይመልስላቸውም።

ደን ወዳድ፦
እኔ ለመቀመጫ ተስማምቻለሁ፣ ከተተከለ ዛፍ እስከሆነ ድረስ። ለመናፈሻ ወለልም እንጨት ይነጠፍ የሚል ካለ ግን በፍጹም። ወለል ቀን ከሌት እርጥበት ላይ ይተኛል፣ ጫማ ይፈጨዋል፣ የሚበላው ጣውላም ብዙ ነው። ለወለል ድንጋይ አለን። የከተማችን ጥቁር ድንጋይ ምን ጎድሎት?

ፎርማኑ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግቢያችን ውስጥ አራት አግዳሚዎች ቀርተዋል፤ ለማገዶ ልንሰጣቸው ነበር። የብረት እግር ቢበየድላቸው ይሆናሉ?

አናጺ ከሰባራ ባቡር፦
በመዶሻ ምታቸውና ድምፁን ስማ። ጥርት ካለ ይሆናሉ፤ ድብን ያለ ድምፅ የሰጠህን ተወው። የብረቱን እግር አንቲረስት ቀባው። ጣውላው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጣል አድርግበት፣ ውሃ በመሀላቸው እንዳይቆም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጨርሰው።