የቆየ የእንጨት ክላርኔት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለማን ይታይ?

ጥያቄ፦ ደሴ ያለ፣ ከአያት የቀረ የእንጨት ክላርኔት ነው። ልዋጭ ባይ በብረቱ ገምቶታል። የት እንደተሠራና ምን እንደሚያወጣ እንዴት ይታወቃል? ማንስ ይጠግነዋል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ብቻ ለልዋጭ እንዳትሰጠው። ቁልፎቹ ብር ቢመስሉም አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ናቸው፤ ቢመዘኑ የረባ አያወጡም።

አምስቱን ክፍል ፈታተህ በስልክ መብራት ውስጡን እይ። የእንጨት መስመር ከታየ እንጨት ነው። ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ ሆኖ፣ በጨርቅ ሲታሽ ድኝ ድኝ ከሸተተ ግን ኢቦናይት የሚባለው ጠንካራ ጎማ ነው። ከዚያ የላይኛው ክፍልና የደወሉ (ከታች የሰፋው ጫፍ) ላይ ጽሑፍ ፈልግ። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ከ1918 እስከ 1992፣ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ሠሪው ቡፌ ክራምፖን ወይም ሰልመር ከሆነ በተከታታይ ቁጥሩ ዓመቱ ይገኛል።

ቁልፎቹንም ቁጠር። 17 ቁልፍና 6 ቀለበት (የጣት ቀዳዳ የሚከብ) ያለው ቦህም የሚባለው አሠራር ነው፤ ዛሬም ተፈላጊ ነው። 13 ቁልፍና 2 ቀለበት ያለው አልበርት የሚባለው የቀድሞ አሠራር ነው፤ የቱንም ያህል ቢያረጅ ገዢው ጥቂት ነው።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ቅኝቱ ነው። የግራ አውራ ጣትና ሦስት ጣት ደፍነህ ስትነፋ የስልክ ቱነር (የድምፁን ስም የሚያሳይ መተግበሪያ) «ቢ ፍላት» ካለ ደህና ነው፤ «ኤ» ካለ ረዘም ያለው የኤ ክላርኔት ነው። በቢ ፍላትና በቢ መሀል ከዋለ፣ ወይም «ኤች ፒ» (ከፍተኛ ቅኝት ማለት ነው) ከተቀረጸበት፣ የኤን ድምፅ 452 ኸርዝ ላይ የሚያደርገው የድሮ የእንግሊዝ ቅኝት ሊሆን ይችላል፤ ከኪቦርድ ጋር አይስማማም። በርሜሉን (ከአፍ መንፊያው ቀጥሎ ያለውን አጭር ክፍል) ሳብ ማድረግ አያድነውም፤ የላይኛው ክፍል ድምፅ ብዙ ሲወርድ የታችኛው ጥቂት ብቻ ይወርዳል።

ሌላ መልስ፦ ለጥገና ሁሉንም ለአንድ ሰው አትስጡ። የተሰበረ ቁልፍ ለብር ሠሪ ነው፤ ግን ከእንጨቱ ፈትታችሁ፣ ፓዱንም (ከቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ለስላሳ ክብ) አውጥታችሁ ውሰዱ። በስታኞ የተበየደ ቁልፍ ጣት ሲጫነው ይለቃል፣ ቅሪቱም የኋላውን የብር ብየዳ ያበላሻል።

የመጋጠሚያው ቡሽ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የጓርኒሲዮን ቡሽ ለጊዜው ይሆናል፣ ቶሎ ግን ይፈረፈራል። ማጣበቂያው የጫማ ሠሪ ማስቲሽ ነው፦ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ ጠውለግ ሲል መግጠም። ፓድ ግን በጫማ ቆዳ አታስቆርጡ። ቆዳው ስለሚወፍር ቁልፉ በኋላ በኩል ብቻ ይነካና በፊት በኩል አየር ያስገባል። የተዘጋጀ ፓድ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሻላል።

ለግምት አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላርኔት የሚያስተምሩትን ጠይቁ። መጀመሪያ የጽሑፉን፣ የቁልፎቹንና የስንጥቁን ፎቶ ላኩ።

ከኮምቦልቻ፦ ከእኛ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ሲወጣ ወዲያው አትንፉት። ትንፋሽ ውስጡን ሲያሞቅና ሲያረጥብ ውጪው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል፤ እንጨቱ የላይኛው ክፍል ቀዳዳዎች አጠገብ ይሰነጠቃል። በብብት አሙቁት፤ ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ንፉ፣ ከዚያ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።