የ1910 የታሪክ ሰሌዳ፦ ቀኖቹን በሁለቱ አቆጣጠር እንዴት ላስቀምጥ?

ጥያቄ (መምህርት ከደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የታሪክ ክበብ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በዓለም ላይ የተፈጸሙ ዐበይት ክስተቶችንና በዚያው ዓመት ያረፉ ታዋቂ ሰዎችን የሚያሳይ የግድግዳ ሰሌዳ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ፣ ቶልስቶይ፣ ማርክ ትዌይን፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል፣ ሮበርት ኮክና ሄንሪ ዱናንት በዚህ አንድ ዓመት አርፈዋል። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ተመሥርቷል፣ ጃፓን ኮሪያን ጠቅልላለች፣ ፖርቱጋል ንጉሧን አባርራ ሪፐብሊክ ሆናለች፣ የሜክሲኮ አብዮት ተጀምሯል። ሰሌዳው ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲይዝ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ጉዳዮች አስቸግረውኛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የትኛውን ዓመት በርእስነት ልጻፍ? የቶልስቶይ ዕለተ ሞት በአንዱ መጽሐፍ ኖቬምበር 7፣ በሌላው ኖቬምበር 20 የሆነው ለምንድን ነው? የኮሪያስ ቀን ኦገስት 22 ነው ወይስ 29? የምታውቁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (የመዝገብ ቤት ጡረተኛ)

እኅቴ መምህርት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የዓመቱን ወሰን ይቁረጡ። እ.ኤ.አ. 1910 በእኛ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ይነካል፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1902 ዓ.ም. ይጀምርና ታኅሣሥ 22 ቀን 1903 ዓ.ም. ያበቃል። ስለዚህ ርእሱን «እ.ኤ.አ. 1910 (1902/1903 ዓ.ም.)» ብለው ቢጽፉት ማንም አይሳሳትም። ከሴፕቴምበር 11 በፊት ያለው ሁሉ 1902 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 1903 ነው። የኤድዋርድ ሰባተኛ ሞት (ሜይ 6) ሚያዝያ 28 ቀን 1902 ሲሆን፣ የዱናንት ሞት (ኦክቶበር 30) ግን ጥቅምት 20 ቀን 1903 ነው።

ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የደቡብ አፍሪካው ጉዳይ በሚገባ ያሳያል። ኬፕ፣ ናታል፣ ትራንስቫልና ኦሬንጅ ሪቨር በአንድ መንግሥት ሥር የተጠቃለሉት ሜይ 31 ቀን 1910፣ ማለትም ግንቦት 23 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው። የቦር ጦርነት ያበቃበት የፌሪኒኪንግ ውል ደግሞ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1902 ነው። ዕለቱ የተመረጠው ከውሉ ጋር እንዲገጥም ሆኖ ሳለ፣ «1902» የሚለው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የኅብረቱን፣ በእነርሱ አቆጣጠር የውሉን ዓመት ያመለክታል። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፉ ተማሪው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በዚያው መስመር፣ ጥቁሩ ሕዝብ ከአዲሱ ፓርላማ ውጭ መደረጉን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩበት እመክራለሁ፤ ያለ እርሱ «ኅብረት» የሚለው ስም ብቻውን ያሳስታል።

ወርና ቀን ለመለወጥ ዛሬ የምንጠቀምበት ሠንጠረዥ ለ1910 ያለ ለውጥ ያገለግላል። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ግን የአንድ ቀን ልዩነት አለ። የዐድዋ የካቲት 23 በ1896 ማርች 1 የነበረው፣ ዛሬ ግን ማርች 2 ላይ የሚውለው አውሮፓውያን 1900ን ያለ ጭማሪ ቀን ስላሳለፉት ነው። ክበቡ ወደፊት የ19ኛውን መቶ ዓመት ሰሌዳ ቢያዘጋጅ ይህን ያስታውሱ።

መልስ (በሩሲያ የተማረ)

ቶልስቶይ ያረፈው አስታፖቮ በተባለ ትንሽ የባቡር ጣቢያ፣ በጣቢያው አለቃ ቤት፣ በሳንባ ምች ታምሞ፣ በ82 ዓመቱ ነው። ሩሲያ በዚያን ጊዜ አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ትከተል ስለነበር በአገሩ የተመዘገበው ኖቬምበር 7 ነው፤ በዚያ መቶ ዓመት ልዩነቱ 13 ቀን ስለሆነ በአዲሱ ኖቬምበር 20 ይሆናል። ሁለቱም መጻሕፍት ልክ ናቸው። ለእርስዎ ሰሌዳ የሚሆነው ግን ኖቬምበር 20 ነው፤ ይኸውም ኅዳር 11 ቀን 1903 ዓ.ም.። ፍራንሲስኮ ማዴሮ የፖርፊሪዮ ዲያዝን መንግሥት በመቃወም ሜክሲኮ እንድትነሣ የጠራባትም ዕለት ይህችው ናት፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ይችላሉ።

መልስ (የሥነ ፈለክ ወዳጅ)

ከዝርዝርዎ ውስጥ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ አለመኖሩ ገርሞኛል፤ ልጆቹን ከሁሉ ይልቅ የሚስባቸው እርሱ ይመስለኛል። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ኤፕሪል 20፣ ማለትም ሚያዝያ 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው። ማርክ ትዌይን በማግሥቱ አረፈ። ኮከቡ በታየበት በ1835 ተወልዶ ስለነበር፣ ከእርሱ ጋር እሄዳለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በሜይ 18 እና 19 ምድር በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች በመባሉ፣ ጅራቱም ሳያኖጅን የተባለ መርዛማ ጋዝ እንዳለበት በመታወቁ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው ተሸብሮ ነበር፤ «ከኮከቡ የሚያድን ክኒን» የሸጡም አልጠፉም። ምንም አልደረሰም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ሌላ ደማቅ ጅራታም ኮከብ ነበር፤ ቀድመው ያዩት የትራንስቫል የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። «በ1910 ሃሌይን አየሁ» ብለው የተናገሩ ብዙ ሽማግሌዎች ያዩት ይህን የፊተኛውን ሳይሆን አይቀርም። ለሰሌዳው ፎቶግራፍ ሲመርጡ የተነሣበትን ወር ያረጋግጡ።

መልስ (አንድ የሕግ ተማሪ)

የኮሪያ ውል የተፈረመው ኦገስት 22 (ነሐሴ 16) ሲሆን፣ ታውጆ የጸናው ኦገስት 29 (ነሐሴ 23) ነው። አንድ ቀን ብቻ የሚይዙ ከሆነ 29ን ይያዙ፤ አገሪቱ በሕግ የጃፓን ግዛት የሆነችው በዚያ ቀን ነውና። ለፖርቱጋል ግን አንድ ቀን ይበቃል፤ ሪፐብሊኩ በሊዝበን የታወጀው ኦክቶበር 5፣ መስከረም 25 ቀን 1903 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ (መምህርት ከደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ርእሱን እንደተባለው አስተካክላለሁ፤ ኮከቡንም እጨምራለሁ። የአገራችንን አንድ ረድፍ ከግርጌ ማስገባት አስቤአለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ የዐፄ ምኒልክን ዕረፍት እዚህ አስገቢ ይሉኛል። ይገባ ይሆን?

መልስ (የመዝገብ ቤት ጡረተኛ)

አይገባም። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1913 ነው። በ1910 ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ላይ ነበሩ። ለዚያ ዓመት የሚገባው የእቴጌ ጣይቱ ጉዳይ ነው፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፣ ሥልጣኑም በአልጋ ወራሹ በልጅ ኢያሱ ሞግዚት በራስ ተሰማ ናደው እጅ ጸና። ራስ ተሰማ ራሳቸው ያረፉት በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ብቻ አይቶ ከዱናንትና ከቶልስቶይ ጋር ሊያስቀምጣቸው የሚፈልግ ይኖራል፤ ነገር ግን ያ ሚያዝያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1911 ስለሆነ ከወሰንዎ ውጭ ነው። ቦታ ከተረፈዎት ደጃዝማች ተፈሪ በዚያው በ1902 የሐረር ገዥ ሆነው መሾማቸውን ይጨምሩ።