ልጄን ማን ያስተምራት? ስለ ላልጉዲ ጃያራማን የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ

የጭራው ልጅ (ጎንደር)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ማሲንቆ መቺ ነበር፤ አያቴም እንደዚያው። እናቴ የአዝማሪዎቹ መንደር የቡርቧክስ ልጅ ናት፤ መንደሩን የምታውቁ የቀረውን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። እኔ ግን አልመታም።

ለምን እንደማልመታ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ጥያቄዬ አይገባችሁም። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሰርግ ይዞኝ ሄደ። የማን ቤት እንደነበር አልናገርም። «ተቀበል!» ሲሉት እየተቀበለ፣ አንዱን ሲያወድስ ሌላውን ሲያስለቅስ አደረ። ሲነጋ ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ለአባቴ ለብቻው በሳህን አጥር ሥር አቀረቡለት። በላ። እኔ አልበላሁም። ማሲንቆውን ተሸክሜለት አንድም ቃል ሳንነጋገር ቤታችን ገባን። ከዚያ ወዲህ «ና ላሳይህ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አልኩት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ዛሬ እሱ የለም፤ ማሲንቆው ሱቄ ውስጥ ከሲንጀሩ በላይ ተሰቅሏል።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ደንበኛ አለኝ። ባለፈው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ማሲንቆውን አየና «የማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን አወጣና አንድ ቫዮሊን መቺ አሳየኝ። ሰውየው መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አልወሸቀውም፤ የቫዮሊኑን ታች ደረቱ ላይ አስደግፎ የቫዮሊኑን አንገት ጫፍ ቀኝ እግሩ ላይ አሳርፎታል። የግራ እጁ እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። ዜማውማ ትዝታ ነው ብዬ እምልላችሁ ነበር። እሱ ግን «ሞሃናም» ነው የሚባለው አለኝ። የመቺውን ስም ላልጉዲ ጃያራማን ብሎ ነገረኝ፣ ያስተማረውም የገዛ አባቱ መሆኑን።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። አክስቷ ከአዲስ አበባ ቫዮሊን ልካላታለች፤ ስልክ እያየች ለብቻዋ ትታገላለች። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ሱቅ ነበረች፣ ቪዲዮውን አብራን አየች። «አባዬ፣ አያቴም እንዲህ ተቀምጦ ነበር የሚመታው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በላይ የምላት ነገር አልነበረኝም።

እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ፤ የዚህ ሰው ቤተሰብ ሙያውን እንዴት አወረሰ? ልጄስ ከቫዮሊኑ ትጀምር ወይስ ከማሲንቆው? አጎቴ በሕይወት አለ፣ ይመታል። ዕድሜዋስ አልፏል?

ቼናይ የተማረው፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ህንድ አገር ቼናይ ከተማ ነው የተማርኩት፣ ሙዚቃ አይደለም፣ ምሕንድስና። ግን ቼናይ ኖሮ ከሙዚቃ ማምለጥ አይቻልም። በእኛ ታኅሣሥ ላይ የሚውለውን ወር ማርጋዚ ይሉታል፤ ከተማው በሙሉ ኮንሰርት ይሆናል፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየአዳራሹ። የጃያራማንን ልጆች፣ ክሪሽናንንና ቪጃያላክሽሚን፣ አንድ መድረክ ላይ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሁለቱም ቫዮሊን። ያስተማራቸው አባታቸው ነው።

ላልጉዲ የአገሩ ስም ነው፤ ታሚል ናዱ በሚባለው የህንድ ክልል ውስጥ ቲሩቺራፓሊ አጠገብ ያለች ከተማ። እነሱ ዘንድ የሙዚቀኛው ስም ፊት የአገሩ ስም ይገባል። የተወለደው በፈረንጆቹ መስከረም 17 ቀን 1930 ነው፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 1923። የእነሱ ትልቁ የዜማ ደራሲ ቲያጋራጃ (በፈረንጆቹ 1767–1847) ነው፤ ቅዱስ እንደሚዘከር በየዓመቱ ይዘከራል። የጃያራማን ቅድመ አያት የእሱ ደቀ መዝሙር ነበር። ቲያጋራጃ ራሱ ላልጉዲ ሄዶ አምስት ዝማሬ ደርሶላታል። እንግዲህ ልጁ የተወለደው እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ነው።

ያስተማረው አባቱ ጎፓላ አየር ነው። ጣቱ እንዳይቆረጥ ብሎ እርሳስ እንኳ እንዲቀርጽ አይፈቅድለትም ነበር ይባላል። የጃያራማን እህት ሽሪማቲም ቫዮሊን መቺ ሆናለች። ይህን የማነሳው ስለ ልጅዎ ነው፤ በዚያ ቤት ሙያው ለወንዱ ብቻ ተብሎ አልቀረም።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። በ12 ዓመቱ መድረክ ሲወጣ አጃቢ ሆኖ ነው የወጣው። የካርናቲክ፣ የደቡብ ህንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ማለት ነው፣ አጃቢ ማለት ደግሞ ጋሼ፣ አባትዎ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩት የነበረው ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ የለም። ዘፋኙ ከሚያዜመው ብዙውን ያኔ እዚያው ይፈጥረዋል፤ ቫዮሊኑ በግማሽ ትንፋሽ ልዩነት ይከተለዋል፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ደግሞ በተራው ይመልሳል። ተቀበል ማለት ነው! እንደ አርያኩዲ ራማኑጃ አያንጋር፣ ሰማንጉዲ ሽሪኒቫሳ አየርና ጂ ኤን ባላሱብራማንያም ያሉ ታላላቆች ጎን ተቀምጦ ዓመታት የተቀበለ ልጅ ነው በኋላ ለብቻው አዳራሽ የሞላው። በፈረንጆቹ 1966 ቫዮሊንን ከዋሽንትና ቪና ከሚባለው ባለ ክር መሣሪያቸው ጋር አንድ ላይ በእኩልነት አስቀምጦ አዲስ መንገድ አወጣ፤ ዋሽንቱን ይነፋ የነበረው ኤን ራማኒ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኤደንብራ ፌስቲቫል ላይ ታዋቂው የፈረንጆቹ ቫዮሊን መቺ ይሁዲ ሜኑሂን ሰምቶት የራሱን ቫዮሊን ሰጥቶታል። ያረፈው ሚያዝያ 2005 በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ቫዮሊኑ ግጥሙን ይናገራል ይላሉ። ደጋኑን የሚያዞረው ቃሉ በሚከፈልበት ቦታ ነው፤ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ቃሉ ይሰማዋል። ቼናይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ቫዮሊኑ ብቻውን ሲመታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ደጋን (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ፣ እኔ ቫዮሊን አስተምራለሁ፣ ስለ እጁ ልንገርህ።

የተማርኩት በፈረንጁ መንገድ ነው። ጣቴን ከድምፅ ወደ ድምፅ ሳንሸራትት አስተማሪዬ «ይህ ማሲንቆ አይደለም» እያለ እጄን ይመታኝ ነበር። ለዓመታት ያ መንሸራተት ነውር መስሎኝ ደበቅኩት። የካርናቲክን ቫዮሊን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እነሱ ያንኑ መንሸራተት ጋማካ ብለው ስም ሰጥተውታል፤ ሙዚቃቸው የቆመው በእሱ ላይ ነው። ድምፆቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ራጋው፣ እኛ ቅኝት የምንለው መሆኑ ነው፣ አልተመታም ይሉሃል።

የአቀማመጣቸውም ምክንያት ይኸው ነው። የቫዮሊኑ ጫፍ እግር ላይ ስላረፈ የግራ እጅ ቫዮሊን ከመሸከም ያርፋል፣ ጣቱ አንገቱን ከላይ እስከ ታች እንደ ልቡ ይሄዳል። ቅኝታቸውም ይለያል። አራቱን ክር በሁለት ድምፅ ብቻ ይቃኙታል፤ መነሻው ድምፅና አምስተኛው፣ ከዚያ እነዚያው አንድ እርከን (ኦክታቭ) ከፍ ብለው። መነሻው ደግሞ የተወሰነ አይደለም፣ ዘፋኙ ለጉሮሮው በሚመቸው ይቃኛል። አባትህም ማሲንቆውን ከራሱ ድምፅ ጋር ነበር የሚቃኘው፣ አይደል?

ሞሃናምን ትዝታ ነው ማለትህ ጆሮህ ስላልሳተ ነው። አምስቱ ድምፆች ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። ሹዳ ዳንያሲ የሚሉትን ሌላውን ራጋ ስማ፣ ባቲ ማይነርን ታገኝበታለህ። የሚለየው አካሄዱ ነው፤ የቱ ድምፅ ላይ እንደሚቆዩ፣ የቱን እንደሚያወዛውዙ።

ቫዮሊን ለእነሱም የባዕድ ዕቃ ነበር። ባሉስዋሚ ዲክሺታር የሚባል፣ እሱም ከሙዚቀኛ ቤተሰብ የተወለደ ሰው፣ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ላይ ከአውሮፓዊ ተምሮ ነው ወደ ራሳቸው ዜማ ያስገባው። መሬት ላይ ተቀመጡበት፣ በራሳቸው ቃኙት፣ የእነሱ ሆነ።

ልጅህ 11 ዓመቷ ከሆነ አልመሸባትም። ግን ቫዮሊኑን ለካው፤ የአዋቂ ከሆነ ለጣቷ ይሰፋባታል፣ ሦስት አራተኛ የሚባለውን መጠን ፈልግላት። እኔ ብሆን ከአጎትህ እጀምራታለሁ። አንድ ጭራ ላይ ትክክለኛውን ድምፅ ያለ ምልክት ያገኘች ልጅ አራት ክር አያስፈራትም።

አራዳ 60፦

ልጄ፣ ክፉ አትየኝ። እኔም የጎንደር ሰው ነኝ፣ አባትህ ያዩትን ብዙ አይቻለሁ። ልጅቷ ቀለሟን ትማር። ቫዮሊኑን ትያዝ፣ መልካም ነው፣ ቫዮሊን የያዘን ሰው ማንም አጥር ሥር አያስቀምጥም። ማሲንቆ ይዛ በሰፈር ስትታይ ግን የሚሏትን አንተ ታውቀዋለህ። ያ ህንዳዊ ከተከበረ ቤት ተወልዶ ነው። የእኛ ቤት ሌላ ነው።

ቼናይ የተማረው፦

አባቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ጃያራማን በአገሩ ሥርዓት ከተከበረ ወገን ነው የተወለደው። ግን እዚያም ሙያቸው ሲወደድ ራሳቸው የተናቁ ሙዚቀኛ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ብዙ ዜማ ጠብቀው ያቆዩትም እነሱ ናቸው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

የጭራው ልጅ (ጎንደር)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራዳ 60 ጋሼ፣ አልተቀየምኩም፤ ሦስት ሌሊት ያሰብኩት እሱኑ ነው። አስቤ አስቤ ግን አጎቴን ጠራሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣ። 70 አልፎታል። የአባቴን ማሲንቆ ከግድግዳው አውርጄ ሰጠሁት። ጭራው ደርቆ ነበር፣ ግማሹ ተበጥሷል። ቦርሳው ውስጥ በፌስታል የጠቀለለው አዲስ ጭራ ይዞ መጥቷል፤ አልነገርኩትም፣ አስቦ ነው። አሰረው፣ ደጋኑን ዕጣን አሸው፣ መቃኛውን እያዞረ በጉሮሮው ያንጎራጉራል፤ ደጋን እህቴ፣ እንዳልሽው ነው፣ ከድምፁ ጋር ነው የቃኘው። ልጄን ፊቱ አስቀመጣት። ጣቷን ይዞ «አትጫኚው፣ ንኪው» አላት። ማሲንቆ ላይ ጭራው እንጨቱ ድረስ አይጫንም፣ በአየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ 9 ዓመት ሙሉ እያየሁ አድጌ አላውቅም። መጀመሪያ ጮኸባት፣ ከዚያ አንዲት ድምፅ ወጣች። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ «አንተስ?» አለኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ቡና ስንጠጣ የላልጉዲን ቪዲዮ ከፈትኩለት፣ ያቺን የሞሃናም። ዓይኑ ደክሟል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሰማው። እስኪያልቅ አልተናገረም። ሲያልቅ «ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ። አጎቴ፣ አይዘፍንም እኮ፣ ቫዮሊን ብቻ ነው አልኩት። «አውቃለሁ፣ መልእክቱን ነው የጠየቅኩህ፣ ምን እያለ ነው?»

የቼናዩ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጠይቀህ በአማርኛ ጻፍልኝ። እሑድ ተመልሶ ይመጣል።