የአያቴን የሕይወት ታሪክ ከየት ልጀምረው? እርዱኝ

እንደምን ዋላችሁ? አያቴን ከቀበርን ወር አለፈን። የፊታችን እሁድ አርባዋ ነው። የሕይወት ታሪኳን ጻፍ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ "ተወለዱ" ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ።

የቀበሌ መታወቂያዋ 1933 ይላል። እሷ ግን ሁሌም "ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጡት አልጣልኩም ነበር" ትል ነበር። ያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋም እናቷ አዝላት ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንደሸሸች ለትልቋ አክስቴ ነግራታለች። እኔ የማምነው እሷን ነው።

ሌላም አለ። ፒያሳ ያለው ቤታችን በ2016 ሲፈርስ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። በር የሌለው ቁልፍ! ነጠላ በቀየረች ቁጥር ፈትታ አዲሱ ላይ ትቋጥረዋለች። እስክታርፍ ድረስ እንዲሁ ነበረች። ይህን ማስገባት እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን "ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም" አለኝ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያዘጋጃችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። "በ1926 ገደማ" ልበል ወይስ የራሷን አነጋገር እንዳለ ላስቀምጥ? ቁልፉንስ? ዓርብ ጠዋት ማተሚያ ቤት ማድረስ አለብኝ።